የባለመርፌው ቂም

ይቅር ማለት ትልቅነት ነው ይባላል። ይባል። ፍሬኑ ግን ይቅር የማለት ሐሳብ አልነበረውም፤ እኔም ታሪኩን የማወራላችሁ ሰውየውን ላስመርቅ አይደለም። ቂም የያዘ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ቂሙን እንደ እሱ በጥንቃቄ የጠበቀ ግን አላየሁም።

ፍሬኑ የቤት ስሙ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ እንኳ አንገቱን ደፍቶ የተኛ ተሳፋሪ አይነቃም ነበር። መናኸሪያው ይህን አይቶ ፍሬኑ አለው፤ ስሙም ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገባና ሚስቱ ሳትቀር በዚሁ ትጠራው ጀመር። ጠላቱ ደግሞ ጡሩምባ ይባላል። እሱን ያሰየመው አፉ ነው፤ አውቶቡሱ ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሳይል ሳቁ ቀድሞት መናኸሪያ ይገባል።

ጠላቱ አልኩ እንጂ ያኔ የልብ ወዳጁ ነበር። በሠርጉ ዕለት ሚዜው እሱ፣ የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ አብሮት የተጨነቀው እሱ ነው። ስኳር በሽታውም የያዛቸው በአንድ ሰሞን ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል፣ መንገድ ላይ ያገኘውን እየጎረሰ የሚነዳ ሰው መጨረሻው ይኼው ነው ብለው ተሳሳቁ። ሐኪሙ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት አዘዘላቸው፤ አንድ ትልቅ ነጭ ክኒንና አንዲት ትንሽዬ ክኒን። ጠዋት ጠዋት ከስምሪት በፊት ሻይ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የውሃ ብርጭቋቸውን አጋጭተው ይውጡ ነበር።

ዓመታት አለፉና የፍሬኑ ክኒን አልሠራ አለ። ስኳሩ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አላውቅ ሲል ሐኪሙ ትልቁን ነጭ ክኒን እየዋጥክ ከእንግዲህ ኢንሱሊን ትወጋለህ አለው። ፍሬኑ የሞት ፍርድ የተነበበለት መሰለው። አይፈረድበትም። በክሊኒኩ የስኳር ቀን ባለክኒኖችና ባለመርፌዎች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አይቀመጡም። ማንም አላዘዛቸውም፤ ራሳቸው ያወጡት ደንብ ነው። ባለክኒኖቹ በመስኮቱ በኩል ተደርድረው እየተጫወቱ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ባለመርፌዎቹ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው። የፊተኞቹ ዞር ባሉ ቁጥር የሚያዩት የነገ ሟቾችን ነው። ፍሬኑም በባለክኒንነቱ ዘመን እንዲሁ ዞር እያለ ከንፈሩን ሲመጥ ከርሟል።

ስለዚህ ደበቀው። ከሚስቱና ከክሊኒኩ ነርስ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የጠዋቱን ቤቱ ይወጋል፤ የማታውን ግን ከእራት በፊት መውጋት ስላለበትና እራት ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ እስክሪብቶ የመሰለችው መርፌ አብራው መጓዝ ነበረባት። የት ትቀመጥ? ሾፌር ነውና እንደ ሾፌር አሰበ። ከሞተሩ ክዳን ጎን ቡሎንና ጨርቅ የሚጠራቀምባት ሳጥን አለች፤ ዘይት የነካው ጨርቅ ስለሚሞላት ማንም እጁን አይከትባትም። እዚያ ከጨርቁ ሥር ሸጎጣት። ረዳቱ በዚያው ክዳን ላይ ዳቦ እንደሚያሞቅ ትዝ አላለውም። ነርሷ መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም ብላው ነበር፤ እሱ ግን ስትነግረው ራሱን እየነቀነቀ የሚያስበው ስለ መደበቂያ ነበር።

እናም መድኃኒቱ ሞተሩ አጠገብ ተቀቀለ። ፍሬኑ ሳያውቅ የተበላሸ ነገር ሆዱ ላይ ይወጋል፣ ስኳሩ ይወጣል፣ አፉ ይደርቃል። በየፌርማታው እየወረደ ወደ ግድግዳ ሲዞር ተሳፋሪ ያጉረመርማል። ከሩቅ የሚያነባቸው የመንገድ ምልክቶች ጭጋግ ለበሱ። እሱም መርፌ መጨረሻ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው፣ ዓይኔን እያጠፋው ነው ብሎ ደመደመ።

አንድ ቀን ጡሩምባ መስታወት የሚወለውልበት ጨርቅ አጥቶ ፍሬኑ አውቶቡስ ውስጥ ገባና ያችን ሳጥን ከፈተ። ወዳጅ የሆነ ሰው ቢሆን ሳጥኗን ይከድናል፤ ቢበዛ ጓደኛውን ለብቻው ጠርቶ ይጠይቃል። ጡሩምባ ግን መርፌዋን ኪሱ ከተታትና በማግስቱ ጠዋት ሾፌሮቹ ሁሉ ለስምሪት በተሰበሰቡበት የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት።

"ባለመርፌ ሰው ሕዝብ ጭኖ መሪ አይያዝም" አለ። "ድንገት ድፍት ቢል ማን ይጠየቃል?"

ፍሬኑ ለራሱ መሟገት አልቻለም። የወጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንተስ፣ የያዘን አንድ በሽታ አይደለም ወይ አለው። ጡሩምባ ሳቀ።

"እኔ ባለክኒን ነኝ" አለ። "ክኒን ሌላ፣ መርፌ ሌላ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ፍሬኑን ከመሪ አውርዶ በር ጠባቂ አደረገው፤ አውቶቡሱንና ረጅሙን መስመር ለጡሩምባ ሰጠ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በፍሬኑ ውስጥ ከመሪ ከመውረዱም በላይ ያ ሳቅ ቀረ።

የመናኸሪያው በር ላይ አንዲት የድንጋይ ክፍል አለች፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠባብ መስኮት፣ አውቶቡስ ሲመጣ ወደ ላይ የሚነሳ የብረት ማገጃ። ፍሬኑ ሥራው ማገጃውን ማንሳትና ማውረድ ሆነ። በየቀኑ የገዛ አውቶቡሱ ፊቱ ይቆማል፤ ጡሩምባም ከመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ ፍሬኑ ራሱ መርጦ ያስገጠመውን ጡሩምባ እያንባረቀ "ክፈት ባለመርፌ" ይለዋል። ፍሬኑ ጥርሱን ነክሶ ይከፍታል። ማታ ቤቱ ሲገባ የሚጸልየው አንድ ጸሎት ነበር፤ ዕድሜ ስጠው፣ መርፌ ሆዱ ላይ ሲሰካ በዓይኔ ሳላይ እንዳትወስደው። ሚስቱ እንዲህ ያለ ጸሎት ከጣራ አያልፍም ትለዋለች። እሱ ግን በየማታው ይደግመዋል።

ስኳሩ አልወርድ ሲል ነርሷ መድኃኒቱን የት ሲያስቀምጥ እንደከረመ ጠየቀችው። የሞተሩን ሳጥን ነገራት፤ የሚወጋው አሁንም ያንኑ መድኃኒት ነበር። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች። "ጋሼ፣ መድኃኒቱን ቀቅለው ነው እኮ ሲወጉ የከረሙት" አለችው። አዲስ ሰጠችው፤ የተበላሸውን ሲወጋ በለመደው መጠን ደኅናውን ቢወጋ ስኳሩ ቁልቁል ይወድቃልና መጠኑን ዝቅ አድርጋ አስጀመረችው። የድንጋዩ ክፍል ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው፤ መድኃኒቱ ጥላ ውስጥ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ጥማቱ ጠፋ፣ የዓይኑ ጭጋግ ተገፈፈ፤ ከበሩ ላይ ሆኖ የሚመጣውን አውቶቡስ ሰሌዳ ማንበብ ጀመረ። መንዳት የሚችልበት ጤና ያገኘው መሪ ከተነጠቀ በኋላ ነው። ይህም ራሱ ንዴቱን ጨመረለት።

ያን ጊዜ ነው ሲያቃጥለው የኖረውን ጥያቄ ነርሷን የጠየቃት፤ እውነት ክኒን ሌላ፣ መርፌ ሌላ ነው ወይ? ነርሷ ሥራ ቢበዛባትም ቁጭ ብላ አስረዳችው። በሽታው አንድ ነው፤ የሚለያየው ሰውየው የደረሰበት ነው። ሰውነት ስኳርን የሚያስተዳድርበትን ኢንሱሊን የሚሠራው ቆሽት ነው። ትልቁ ነጭ ክኒን ሰውነት ያለውን ኢንሱሊን በደንብ እንዲጠቀም ይረዳዋል፤ ትንሿ ክኒን ደግሞ ቆሽትን እየጎተጎተች ብዙ ያስመርተዋል። ቆሽቱ ከዓመት ዓመት ሲደክም ግን ቢጎተጎትም የሚሰጠው የለውም፤ ያኔ የጎደለውን መርፌ ያመጣለታል። ፍሬኑ በራሱ ቋንቋ ተረጎመው፤ ክኒን ባትሪው የደከመ መኪና ገፍቶ ማስነሳት ነው፣ መርፌ ባትሪ መቀየር ነው። ባትሪ ቀየረ ተብሎ ደግሞ መኪና ቆሻሻ ላይ አይጣልም።

የመጨረሻውን ነገር የነገረችው ሊወጣ ሲነሳ ነው። መርፌ ያለ ምግብ ስኳርን አውርዶ ሰው ይጥላል ብለው ይፈራሉ፣ እውነት ነው፤ ትልቁ ነጭ ክኒን ለብቻው ይህን አያደርግም፤ ትንሿ ክኒን ግን ምሳ ለዘለለ ሰው እንደ መርፌው ሁሉ ትጥላለች አለችው። ፍሬኑ ደግማ እንድትነግረው ለመናት። ከክሊኒኩ ሲወጣ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ጡሩምባን ማየት ሆነ። ወሬውን የሚያቀብለው ረዳቱ ነው፤ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ደኅና ሰው። ጡሩምባ ክሊኒክ መሄድ አቁሟል፤ ስኳሩ እየወጣ ስለሆነ ከሄደ መርፌ እንደሚያዙለት ያውቃል። ስለዚህ ትንሿን ክኒን ከመድኃኒት ቤት እየገዛ በገዛ ሥልጣኑ እጥፍ፣ አንዳንዴም ከእጥፍ በላይ ይውጣል። ምሳውን ደግሞ ተራ እንዳያመልጠው ይዘላል። ከሰዓት በኋላ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በማይረባ ነገር ይነጫነጫል፤ ለስላሳ ሲጠጣ ሰው ይሆናል። ረዳቱ ይህን የሚነግረው እየሳቀ ነው። ፍሬኑ አልሳቀም፤ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሚስቱ ስትሰማ ደነገጠች። ሄደህ ንገረው፣ እሱ ቢቀር የተሳፈረው ሕዝብ ምን አደረገህ አለችው። ቆይ አላት። እዚህ ላይ እኔም አላጨበጭብለትም፤ በዚያ አውቶቡስ ነፍሰ ጡር አለች፣ ልጅ የታቀፈ አለ፣ ለኑሮው የሚሮጥ አለ። እሱ ግን ለራሱ መልስ ነበረው፤ በሩ የኔ ነው፣ በማገጃዬ ሥር ሳያልፍ የሚወጣ አውቶቡስ የለም፣ በወጣ ቁጥር ፊቱን አያለሁ ይል ነበር። ሲመለስስ ማን ያየዋል? የፈለገው ጡሩምባ እንዲድን ሳይሆን ሰው ሁሉ እያየ እንዲወድቅ ነው።

ቀኑ መጣ። ከሰዓት በኋላ፣ መናኸሪያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ አውቶቡሱ ሞልቶ ሊወጣ በሩ ላይ ደረሰ። ጡሩምባ አላንባረቀም። ፍሬኑን ቀጥ ያደረገው ይኸው ዝምታ ነው። ከመስኮቱ ሲያየው ግንባሩ በላብ ርሷል፣ ከንፈሩ ተንዘላዝሏል፣ ዓይኑ ማገጃውን ያያል ግን ምን እንደሆነ የገባው አይመስልም። ማርሹን ሲያስገባ ብረት ከብረት ይፋጫል። ፍሬኑ ከክፍሏ ወጣ፤ ማገጃውን ሳያነሳ ፊት ለፊት ቆመ።

"ክፈት... አንተ ባለ..." አለ ጡሩምባ፤ ምላሱ ተሳሰረና ቃሉን አልጨረሰውም።

ከኋላ የተደረደሩት አውቶቡሶች ጩኸታቸውን አቀለጡት። ተሳፋሪው መስኮት ከፍቶ ይሳደባል፣ ሾፌሮች ወርደው ይሰበሰባሉ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው እየሮጠ መጣ። ፍሬኑ ረዳቱን ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን እንዲነቅል አዘዘው፤ ከዚያ አውቶቡሱ ላይ ወጣና ከኪሱ የስኳር መለኪያውን አውጥቶ ይህን ሰው ሳልለካ አውቶቡሱን አላስወጣም አለ። ጡሩምባ ሊመታው እጁን ሰነዘረ፤ እጁ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጭኑ ላይ ወደቀ። ረዳቱ ጣቱን ያዘለት። ፍሬኑ ወጋው፣ ደሙን አስነካ፣ ቁጥሩን አየ፤ መለኪያውን ግን ለሥራ አስኪያጁ አቀበለው።

"ሁሉም እንዲሰማ ያንብቡት ጌታዬ" አለው።

"ሠላሳ ስምንት" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ጤነኛ ሰው ከሰባ በታች አይወርድም" አለ ፍሬኑ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ሾፌሮቹ ዞረ። "ይህን ያመጣው መርፌ አይደለም፣ ክኒን ነው። አሁን መንገድ ላይ ድፍት ቢል ማን ይጠየቃል?"

የሳቀ አልነበረም። ያኔ ብቻ እጁን ኪሱ ከትቶ ስኳር አወጣ። ስኳሩ ከመጀመሪያው እዚያው ነበር፤ ቁጥሩ እስኪነበብ አላወጣውም። በገዛ ጣቱ የጡሩምባን አፍ ከፍቶ ጉንጩ ውስጥ አስገባለት፣ መዋጥ ሲችል ስኳር በውሃ በጥብጦ አስከተለለት። ጥቂት ቆይቶ የጡሩምባ ዓይን ጠራ። ዙሪያውን የቆመውን ሰው አየና ምን ሆኜ ነው ብሎ ጠየቀ።

ፍሬኑ ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ እራቱን አጣጥሞ በላ። በማግስቱ አውቶቡሴን ይመልሱልኛል ብሎ ጢሙን ተላጭቶ ቀረበ። ሥራ አስኪያጁ ግን የባሰ ፈርቶ ነበር፤ ክኒንም ይሁን መርፌ ስኳር ያለበት ሰው መሪ አይነካም ብሎ ቆረጠ። ፍሬኑ እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ክሊኒኩን ይጠይቁ ቢለው አልሰማውም። ክኒናቸውን ደብቀው ሲነዱ የኖሩ ሁለት ሾፌሮችም በዚሁ ተመነጠሩ፤ ከዚያ ወዲህ ፍሬኑን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። አውቶቡሱን ባለፈው ዓመት የተቀጠረ ጎረምሳ ተረከበው፤ ፍሬን ሲይዝ የተሳፋሪ ግንባር ከፊተኛው ወንበር ይጋጫል። ጡሩምባን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ሌላ ቦታ አጣለትና ሁለተኛ በር ጠባቂ አድርጎ ወደ ድንጋዩ ክፍል ላከው።

ክፍሏ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው። ፍሬኑ ይቀመጣል፣ ጡሩምባ ይቆማል። ቀኑን ሙሉ አይነጋገሩም። ሐኪሙ ያችን ትንሽ ክኒን ከልክሎት መርፌ አዞለታል፤ ቆሽቱ ደክሟል፣ ጎትጉቶ ጎትጉቶ ጨርሶታል። እሱ ግን መርፌዋን ይዞ ይመጣል እንጂ አይወጋም። ሸሚዙን ይገልጣል፣ ሆዱን ያያል፣ ያልበዋል፣ መልሶ ይሸፍናል። ቤት ሚስቱ ልትወጋው ሞክራ መርፌዋን ማስገባት ሲያቅታት ሁለቱም ተላቅሰው ተዉት። ውሃውን በጆግ ይጠጣል፣ ሱሪው ሰፍቶት በቀበቶ ይዞታል። ፍሬኑ ይህን ሁሉ ከወንበሩ ሆኖ ያያል፤ ሲያየው ደግሞ ልቡ ቅቤ ይጠጣል። እንዲወጋ አልገፋፋውም፣ አትፍራም አላለውም።

አንድ ረፋድ ላይ ጡሩምባ ከፊቱ መጥቶ ቆመ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የሆነ ነገር አጉተመተመ። ፍሬኑ በትክክል ሰምቷል። አልሰማሁህም አለው። ጡሩምባ ደገመ። አውቶቡስ እየገባ ስለነበር አሁንም አልሰማሁህም አለው።

"ውጋኝ ወንድሜ" አለ ጡሩምባ ጮክ ብሎ፤ በሩ ላይ የቆሙት ረዳቶች ሁሉ ዞር አሉ። "ራሴን መውጋት አልቻልኩም። እሞታለሁ።"

ፍሬኑ ተነሳ። ሲጸልይለት የኖረው ሰዓት ነውና አልቸኮለም። እጁን ታጠበ፣ መጠኑን ሞላ፣ ጡሩምባን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ጡሩምባ ሸሚዙን ገልጦ ዓይኑን ጨፍኖ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ። ፍሬኑ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘ፤ ሲወጋው ግን ሆዱን አላየም፣ ያየው ፊቱን ነው። ሲጨማደድ፣ ሲያለቅስ፣ ሲጮኽ ሊያይ ፈልጎ። መርፌዋን አስገባ።

ጡሩምባ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። "በል እንጂ፣ ጀምር" አለ።

"ገብቷል እኮ" አለው ፍሬኑ።

ጡሩምባ ዓይኑን ገለጠ። ሆዱን አየ፣ መርፌዋን አየ፣ ቀና ብሎ ፍሬኑን አየ። "ይቺው ናት?"

"ይቺው ናት።"

የጡሩምባ ዓይን እንባ አቀረረ፤ መርፌው አሞት አይደለም። "ለዚህች ነው እንዴ ከመሪ ያወረድኩህ?" አለ።

ፍሬኑ ይህን ቃል አልጠበቀም። ጩኸት ነበር የሚጠብቀው፤ ጩኸት ቢሰማ ኖሮ ያርፍ ነበር። ይቅርታ መስሎ የመጣው ቃል ግን የታሰረውን ንዴት ሁሉ አዲስ አድርጎ ቀሰቀሰበት። እውነቱን ነው፤ ለዚህች፣ ትንኝ ያህል ለማታምም ነገር፣ ከመሪ ወርዷል፣ ተስቆበታል፣ ወዳጅ አጥቷል፣ ዕድሜውን በር ላይ ጨርሷል። መርፌዋን ግን አልነቀለም።

"አታውራ" አለው። "መድኃኒቱ ፈስሶ እንዳይቀር መርፌው ከመነቀሉ በፊት እስከ አስር ይቆጠራል። ቁጠር።"

ጡሩምባ መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ደጅ ላይ ለረጅሙ መስመር ሊወጣ የደረሰው አውቶቡስ ክፈቱ እያለ ያንባርቃል፤ ጎረምሳው ከመስኮቱ ይጮኻል። ሰባት፣ ስምንት። የጡሩምባ እንባ ጉንጩ ላይ ወረደ። አስር አለና መርፌዋ እስክትነቀል ጠበቀ።

ፍሬኑ እጁን ሳያነሳ ቁልቁል አየው።

"ከአንድ ጀምር" አለው።